ቁልፍ የማይሰማው ሞተር

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ጋሼ ጆሮ» ይለዋል። አርባ ዓመት ሙሉ የመኪና ሕመም በጆሮው ሲለይ የኖረ መካኒክ ነው። የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ኩሽኔታ ነው» ካለ ኩሽኔታ ነው።

በየገጠሩ እየዞረች የምታዋልድ የአንዲት አዋላጅ ጂፕ ግን አሸነፈችው። ሞተሯ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ነበርና ሲያሻት ትነሣለች፣ ሲያሻት ዳገት መሐል ቀጥ ትላለች። መሪው ፊት አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች፤ ምን እንዳመማት ግን አትናገርም። በዚያ ክረምት ብቻ ሦስት ጊዜ ከድንጋያማው ዳገት ላይ አስጠርታዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ የዕቃ ከረጢቱን ተሸክሞ በእግሩ ወጣ። በመጨረሻው ቀን ቤቱ ሲገባ ጫማውን ለመፍታት ማጎንበስ አቃተው። ሚስቱ ክሩን እየፈታች፣

«አራተኛ ጊዜ ከወጣህ ራስህ ትፈታዋለህ» አለችው።

በማግስቱ ለአዋላጇ ቁርጡን ነገራት።

«እህቴ፣ ከእንግዲህ መንገድ ለመንገድ ልከተልሽ አልችልም። ራስሽ የምትጠግኚው ሞተር ልግጠምልሽ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው እኔ መካኒክ የሆንኩት፣ ጋሼ?»

«ይሄኛው የዋህ ነው። ናፍጣና አየር ካገኘ ሌላ ጥያቄ የለውም።»

ከአሮጌ የጭነት መኪና የወረደ ሞተር ነበር። ሥራው አምስት ቀን ፈጀ። ኮምፒዩተሩን ከነሽቦው ጎትቶ ሲያወጣው የተዘረገፈ አንጀት ይመስል ነበር። የተተኪው ሞተር መቀመጫ አልገጥም ብሎ ሁለት ጊዜ አስቆርጦ አስበየደ። ሲደክመው ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀጥለውን ብሎን ያያል፤ ብሎኑም ያየዋል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ዳገቱን ሊሞክሩ ወጡ። የምትነዳው አዋላጇ ናት። ሞተሩ እንደ ወፍጮ እየጮኸ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያርፍም ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርሱ ፍሬን ይዛ ቁልፉን ነቀለች። ሞተሩ መጮሁን ቀጠለ።

ቁልፉን አየች፤ እሱንም አየች።

«ጋሼ፣ ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ይሄ ታዲያ ማንን ነው የሚሰማው?»

እንዲህ ያለው አሮጌ ሞተር ቁልፍ አይሰማም። ከናፍጣ ፖምፓው እስከ ሾፌሩ ወንበር የተዘረጋ ሽቦ ተስቦ ናፍጣው ሲቋረጥበት ነው የሚጠፋው። ያንን ሽቦ ጋሼ ጆሮ ሳይዘረጋው ቀርቷል። ቀስ ብሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ ፖምፓው ጎን ያለችውን፣ ናፍጣውን የምትዘጋውን ትንሽ የብረት ምላስ በጣቱ ገፋት። ዳገቱ ጸጥ አለ።

«ረሳሁት» አለ። «በአርባ ዓመት ሥራዬ ይህን ረስቼ አላውቅም። ደክሞኛል፣ እህቴ።»

«ሽቦ ይዘሃል?»

«ከረጢቱ ውስጥ አለ። ግን ማጎንበሱ…»

«ማን አጎንብስ አለህ? ሃያ ዓመት እትብት የቋጠርኩ ሴት አንድ ሽቦ ያቅተኛል? ድንጋዩ ላይ ተቀመጥና ንገረኝ።»

ተቀመጠ። «በፍሪሲዮን ፔዳሉ ጎን ባለው ቀዳዳ አሳልፊው… አታክርሪው» ይላታል፤ እሷም ደረቷን ጭቃ መከላከያው ላይ አስደግፋ ትሠራለች። የመጀመሪያው ቋጠሮ ሾለከ። ሊነሣ ቃጣው፤ ጉልበቱ ግን እንቢ አለ። እሷ ፈትታ እንደገና ቋጠረችው።

ሞተሩን አስነሣች፤ ሽቦውን ሳበች፤ ጠፋ። ደግማ አስነሥታ ደግማ አጠፋችው።

«ይቺ ብቻ ናት?»

«ይቺ ብቻ ናት።»

«እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ የምደውልልህ ለሰላምታ ነው» አለችና እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወደ ጂፗ ጠቆመችው። «ና፣ ቤትህ ላድርስህ።»

«ትንሽ ቆዪ።»

ያንን ዳገት ስንት ጊዜ ወጥቶታል፤ ተቀምጦበት ግን አያውቅም ነበር።