የታጠበው አሸዋ

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን አሞኝ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወደ ተከፈተ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ወረፋ የምንጠብቅበት ክፍል ውስጥ አልጋ የሚያህል የመስታወት የዓሣ ገንዳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ገና ዓሣ አልገባበትም። አንድ ወጣት ተንበርክኮ ከታሸገ ፌስታል ውስጥ ርጥብ አሸዋ ይገለብጥበታል። ካርድ የምታወጣው ልጅ አየት አደረገችውና፣

«ሳታጥበው ነው እንዴ የምትጨምረው?» አለችው።

«የሚታጠበው ደረቁ ነው፤ አቧራ አለው። ይሄኛው ከባሕር የመጣ ነው፤ ውስጡ ሕይወት አለው፤ የዓሦቹን ቆሻሻ እየበላ ውሃውን የሚያጠራው እሱ ነው። ካጠብሽው ገደልሽው ማለት ነው» አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ልጅቷ ሳቀች። እኔ ጥርሴን ረሳሁት። ሀያ ስድስት ዓመት ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገር ይህ የማላውቀው ልጅ ሰው ፊት የተናገረብኝ መሰለኝ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። አባቴ ወጣትነቱን መርከብ ላይ በመካኒክነት ያሳለፈ ሰው ነው። አሰብን ለቆ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የውሃ ፓምፕ እየጠገነ አሳደገን። ጤነኛ ሳለ ስለ ባሕር አያወራም ነበር። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው ነው ባሕር ባሕር ማለት የጀመረው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እማዬ አጥሚት ይዛ ስትለምነው አፉን ይዘጋል። ሐኪሙ ለእማዬ፣ እሱ ራሱ መዳን ካልፈለገ መድኃኒቱ ብቻውን የትም አያደርሰውም ብሏት ነበር።

አንድ ጓደኛ ነበረው፤ ጋሽ ሽኩር ይባላል። ቤቱ ፉሪ ነው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። የተዋወቁት ድሮ አሰብ ወደብ ላይ ነው። ከጉዞ ሲመለስ ልጆቹን ከማየቱ በፊት እኛ ጋ ጎራ ይላል፤ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ፣ ቴምር በፌስታል ይዞ። አንድ ቀን አባዬ በዚያ በሚንተባተብ አንደበቱ፣

«ሽኩር፣ ባሕሩን አንዴ ባየው» አለው።

ጋሽ ሽኩር፣ «አንተ መሄድ ካልቻልክ እሱ ይምጣ» አለ።

እኔ ለማጽናናት ያለው መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን በማግስቱ ከአልጋው ተነስቶ ቁጭ አለ። ለካ በመርከብ ዘመኑ አንድ ካፒቴን ክፍሉ ውስጥ የባሕር ዓሣ ሲያኖር አይቷል። መስታወት ቆራጩን አስጠርቶ ገንዳ አሠራ፤ መጋጠሚያው ውሃ እንዳያፈስ በግራ እጁ እየዳበሰ አንድ ቀን ሙሉ ፈተሸው። አየር የሚነፋውን ትንሽ ሞተር ከመርካቶ አስገዛኝ። አጥሚቱን መጠጣት ጀመረ፤ ከዚያ ፍርፍር አለ። እማዬ ጓዳ ገብታ በደስታ ስታለቅስ ሁለት ጊዜ አግኝቻታለሁ።

እንቁጣጣሽ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ሽኩር መጣ። እማዬና አባዬ ለክትትል ሐኪም ቤት ሄደው ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ የሰፈራችን ጭቃ ጫማ ይውጣል። መኪናው አስፋልት ላይ ቀርቶ ቢጫ ጀሪካኖቹን በሁለት እጁ እያንጠለጠለ አመላለሰ። በመጨረሻ አንድ ባልዲ ርጥብ አሸዋ፣ በሌላ ባልዲ ደግሞ ሁለት ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ዓሦች አመጣ። ሦስት ቀን መንገድ በባትሪ አየር እየነፋላቸው ነው የመጣው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«አሸዋውን ማንም እንዳይነካው ብሏል አባትሽ» አለኝ። «እንዳለ ይግባ። ሰማሽኝ ስንዱ?»

«ሰምቻለሁ ጋሽ ሽኩር።»

እሱ እንደወጣ የባልዲውን ክዳን ከፈትኩ። አንድ ከባድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አሸዋው መሃል ክር የመሰሉ ነጫጭ ትሎች ይላወሳሉ፤ ከምስር የሚያንሱ ቀንድ አውጣዎች ይንፏቀቃሉ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ መናገር አለብኝ። እማዬ በሰፈራችን በዶሮ አጠባ የታወቀች ሴት ናት። የሌላ ሰው ዶሮ ወጥ ስትቀምስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስንት ውሃ እንደታጠበ ነው። እኔን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሳፋው አጠገብ አቁማ ያስተማረችኝ አንድ ሕግ ነው፦ ዶሮዋ በሎሚና በጨው ትታሻለች፣ የመጨረሻው ውሃ ፊትሽን እስኪያሳይሽ ድረስ ትታጠባለች፤ ሽታዋ ካልጠፋ ገና ነው። ሳይታጠብ ከቤታችን የሚገባ ነገር የለም። ታዲያ ወንዶች ስለ እጥበት ምን ያውቃሉ? ንጹሕ አድርጌ ባስገባው አባዬ ደስ ይለዋል አልኩ።

ያንኑ የዶሮ ሳፋ አውጥቼ ቧንቧው ሥር ተቀመጥኩ። በሎሚ አሸሁት፤ ጨውም ጨመርኩ። ለባሕር አሸዋ ጨው የጨመረ ሰው ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም። ትሎቹን ከነቀንድ አውጣዎቹ ቦዩ ውስጥ ደፋኋቸው። አሥራ አንድ ውሃ ለወጥኩለት። በአሥራ አንደኛው ፊቴን አየሁበት፤ ሽታውም ጠፋ። አሸዋውን ገንዳው ውስጥ አንጥፌ የባሕሩን ውሃ ገለበጥኩ፤ ቀጥዬ ዓሦቹን ለቀቅኩ።

ሲመለሱ እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ «ውይ፣ ሲያምር» አለች። አባዬ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። ባልዲው ሥር የቀረች አሸዋ ነበረች፤ እሷን በግራ እጁ ዘግኖ ወደ አፍንጫው አስጠጋት። ብዙ ቆየ።

«ሽታው የታለ?» አለ።

«መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናላ።»

«እንዳለ ነው ያስገባሽው?»

«አዎ አባዬ። እንዳለ ነው።»

ያን ሰዓት እውነቱን ብናገር ኖሮ ምንም አልጠፋም ነበር። ጋሽ ሽኩር በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ባልዲ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አለቀ። እኔ ግን ያን ቀን የፊቱን ብርሃን ማጥፋት ፈራሁ። ምን ያህል እንደሚያጠፋ የማላውቀውን ነገር አደረግኩ።

እንቁጣጣሽ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ገንዳውን ሊያይ መጣ። አባዬ ዶሮ ወጥ በግራ እጁ በላ። ሳቀም። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። አባዬ ከጀሪካን የተረፈውን ውሃ እንድቀይርላቸው አዘዘኝ፤ ቀየርኩ። በአምስተኛው ቀን አንደኛው ሞተ። በሰባተኛው ሁለተኛው ተከተለ፤ ውሃውም እንደ እጣቢ ደፈረሰ። አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሞተውን ዓሣ ሲያይ ዋለ፤ አውጪው እንኳ አላለኝም።

ጋሽ ሽኩር ከሁለት ሳምንት በኋላ ቴምሩን ይዞ ሲገባ አባዬ አላስቀመጠውም።

«የወደብ ውሃ ነው ያመጣህልኝ» አለው። «ዘይት ያለበትን።»

«ኧረ በአላህ! ከከተማው ርቄ፣ መኪናዬን አቁሜ፣ እስከ ደረቴ ገብቼ ነው የቀዳሁት።»

«ደክሞህ ነዋ። ከቅርብ ቀዳህ። ማን ያየኛል አልክ።»

ጋሽ ሽኩር ወደ እኔ ዞረ። በሩ አጠገብ የታጠበ ልብስ ታቅፌ ቆሜ ነበር። የሚመሰክርለት ሰው ሲፈልግ ያገኘው እኔን ነው። ልብሱን ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ ሄዷል፤ ቴምሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም አልበላውም።

ከዚያ ወዲያ አባዬ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። እማዬ ገንዳው ውስጥ ሽንኩርት ማስቀመጥ ጀመረች። አስፋልቱ ላይ የከባድ መኪና ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር አባዬ ጆሮውን ቀና ያደርጋል፤ የጋሽ ሽኩርን ጡሩምባ ለይቶ ያውቃታላ። አንድ ቀን ምስር ስለቅም፣ «ሽኩር እንዲህ የሚያደርግ ሰው አልነበረም» አለ፣ ለራሱ ይመስል። ምስሩን መልቀሜን ቀጠልኩ። ጥምቀት ሳይደርስ ሞተ።

ለቀብር ጋሽ ሽኩር መጥቶ ከሰው ተለይቶ ቆመ። በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ውሃ ስሰጠው ብርጭቆውን እንደያዘ፣

«ስንዱ፣ ከንጹሕ ቦታ ነው የቀዳሁት። አንቺ ታምኚኛለሽ?» አለኝ።

«አምንሃለሁ ጋሽ ሽኩር።»

«እሱ ግን ሳያምነኝ ሄደ» አለና ውሃውን ሳይጠጣ መለሰልኝ።

ባለፈው ሳምንት ጥርሴ ተነቅሎ ስወጣ ግማሽ ፊቴ ደንዝዞ ነበር፤ ልክ እንደ አባዬ። ታክሲ መያዣው ጋ ረዳቱ «ፉሪ አንድ ሰው! ፉሪ የሞላ!» ይላል። ጋሽ ሽኩር በሕይወት አለ። መንዳት ካቆመ ቆይቷል፤ በልጁ ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ እንደሚውል የሚያውቁት ሰዎች ነግረውኛል። ከሀይሌ ጋርመንት ፉሪ ሩቅ አይደለም። ሀያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሩቅ አልነበረም።

«እናት፣ ይገባሉ?» አለኝ ረዳቱ፣ በሩን ይዞ።

አፌ ደንዝዟል፤ በዚህ አፍ ምን ብዬ እነግረዋለሁ አልኩ በልቤ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ሌላ ሰው ገባና ታክሲው ሄደ።

ማደንዘዣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ለቀቀኝ። ይኸው ሳምንት ሆነኝ።