ቁልፉን አምጣ

በያጁና ታላቅ እህቱ በአንድ ድርጅት ነበር የሚሠሩት፤ እሱ የስልክ ማማ ይበይዳል፣ እሷ ለሠራተኛው ታበስላለች። ቁጡ ስለሆነች "እሳቷ" ይሏታል።

አለቃቸው ሥራው ዘገየ ብሎ ሁሉንም ከቆላ አንስቶ በአንድ ቀን ማማው የሚተከልበት ተራራ ጫፍ ላይ አወጣቸው። "ሰውነታችን አየሩን እስኪለምድ መሃል ላይ እንደር" ቢሉት፣ "ሽርሽር መሰላችሁ እንዴ?" ብሎ ሳቀባቸው።

በማግስቱ በያጁ ራሱን ይዞ ሲያቃስት ዋለ። የቀመሰውን ሁሉ አስመለሰው። ከድንኳኑ ሲወጣ ተንገዳገደ፤ እህቱንም ተምታቶበት "እማዬ" ብሎ ጠራት።

"ጠጥቶ ነው፤ ተኝቶ ይነሳል" አለ አለቃው።

የእሳቷ ደም ፈላ። "ወንድሜ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም! ከፍታው ነው የጣለው። አሁኑኑ ይውረድ፤ የመኪናውን ቁልፍ አምጣ!"

"መኪናው ሲሚንቶ ሊያመጣ ነው።"

"ሲሚንቶ አይታመምም፣ አንተ የማታፍር!" አለችና ምድጃው ላይ ውሃ ቸለሰችበት። "ቁልፉ እስኪመጣ ምሳ የለም!"

ሠራተኞቹም መሣሪያቸውን ጥለው ከኋላዋ ቆሙ። አለቃው እያጉረመረመ ቁልፉን ወረወረላት።

መኪናው በወረደ ቁጥር ወንድሟ ነፍስ እየዘራ መጣ። ታች ክሊኒክ ሲደርሱ በስሟ ጠራት፤ እሷም ያን ጊዜ አለቀሰች።

አለቃው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ ክሊኒኩ መጣ። "እንኳን ተረፈ" አላት።

"አንተ ገድለኸው ነበር" አለችው፤ ብርቱካኑን መልሳ አሸክማው በሩን ዘጋችበት።

ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው መሃል ላይ ሳያድር ተራራ አይወጣም። እሷ ግን እስከ ዛሬ አለቃውን ሰላም አትለውም።