አሥራ ሁለት ክንድ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ቢሮዬ ለልምምድ የመጣችው ሰላም ከኮምፒውተሩ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማኋት። ፀዳ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ቤት ለክታ ፕላኑን እየሳለች ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ማውስ አብዷል እንዴ? እዚህ ጋ ነጥብ ላድርግ ስለው እዚያ ይዘላል!»

«አላበደም፤ ስናፑ በርቶ ነው። አጥፊው» አልኳትና ሳቅ አመለጠኝ። በእሷ የሳቅሁ መስሏት አኮረፈች። የሳቅሁት በራሴ ነው። እሷ ሲዘልባት ተናደደች፤ እኔ በእሷ ዕድሜ ሲዘልልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ለማያውቀው ላስረዳ። በኮምፒውተር ፕላን ስንስል ስክሪኑ ላይ ግሪድ የሚባል የነጥቦች ሰልፍ እንዘረጋለን፤ እንደ ሒሳብ ደብተር ካሬ ማለት ነው። ስናፕ ደግሞ ማውሱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ብቻ እንዲዘል ያደርገዋል። መሃል ላይ መቆም የለም፤ የቀረበው ነጥብ ይስበዋል። አዲስ ቤት ለሚነድፍ ሰው ሸጋ ነገር ነው፤ ሥራ ያፈጥናል፣ መስመሩ ሁሉ ቀጥ ይላል። የቆመ ቤት ለክቶ ለሚስል ግን… ኧረ ተዉኝ!

ነገሩ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። ጎንደር ውስጥ በአንድ የፕላን ቢሮ ለሙከራ ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ በዐቢይ ጾም ጠራኝና ከዳባት ወጣ ብላ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣራዋ ስላረጀ ሄደሽ ለክተሽ ነይ አለኝ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ምእመናኑ ለመቅደሱ አናት የሚጋደሙ ስምንት ጥዶች ከየደጃቸው ሰጥተዋል። ከዚያ ሌላ የሚሰጥ ረጅም እንጨት በአካባቢው የለም። ክረምት ሳይገባ ጣራው ካልተመታ ደግሞ የጭቃው ግድግዳ በዝናብ መፍረሱ ነው። ይህን ሁሉ አለቃዬ እየደጋገመ ነግሮኛል። እኔ ግን ልቤ ያለው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ነበር።

በጠዋት ማኪና ተሳፈርኩ። ከዳባት በኋላ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት፤ ያ የደጋ ብርድ ከነፋሱ ጋር ጆሮዬን ሊቆርጠው ደረሰ። ስደርስ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሞገሴ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ቁመታቸው ለጉድ ነው፤ ጋቢው መሬት ለመሬት ተጎተተብኝ። ከሰዓት በኋላ የገብስ ዳቦ በተልባ አቀረቡልኝ። የዚያ ተልባ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ዙሪያውን በገመድ ለካሁ፤ ሲሰላ ከዳር እስከ ዳር አሥራ አራት ሜትር መጣ። ከመቅደሱ ግድግዳ እስከ ውጭው ጠርዝ ያለውን በሜትር ለካሁ፤ በሁለቱም ወገን ሦስት ሜትር ከሰባ ስድስት ሆነ። የቀረው መቅደሱ ራሱ ነው። እዚያ ከካህናት በቀር ማንም አይገባም፤ ስለዚህ ሜትሩን ለቄስ ሞገሴ ዘረጋሁላቸው።

«አባ፣ በዚህ ይለኩልኝ።»

«ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ? ክንዴ አለች አይደል! ይህችን ቤት አያቶቻችን በክንድ ነው የሠሯት።»

ገብተው ወጡ። «ከነግድግዳው አሥራ ሁለት ክንድ፣ ወርዱም ቁመቱም። ጻፊ!»

ጻፍኩ። ሜትሩን እንዲይዙ ልለምናቸው አፈርኩ። ደግሞስ አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር መሆኑን ማን ያጣዋል? ጎንደር ተመልሼ ግሪዱንም ስናፑንም ግማሽ ሜትር ላይ አደረግኋቸውና አሥራ ሁለት ነጥብ ቆጥሬ ስድስት ሜትር መቅደስ ሳልኩ። ከዚያ ሦስት ሜትር ከሰባ ስድስቱን ላስቀምጥ ስል ማውሱ ዘሎ አራት ሜትር ላይ ቁጭ አለ። በሌላውም ወገን እንደዚያው። ብደምረው አራት፣ ስድስት፣ አራት፤ ድፍን አሥራ አራት! «ገጠመ!» ብዬ ጮኽኩ። በእጄ የለካሁት ልክ ማስታወሻዬ ላይ አፍጥጦ እያየኝ፣ ሃያ አራት ሳንቲም ምን አላት ብዬ አለፍኩት። አይ እኔ!

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ እንጨቱ ሲቆረጥ እንድገኝ ተላክሁ። ታቦቱ ወደ መቃኞ ተዛውሯል፣ የድሮው ጣራ ወርዷል፣ መቅደሱ ሰማይ ያየዋል። ከሩቅ ተራራ ላይ ደመና መቋጠር ጀምሯል። አናጢው አያ ታከለ በእኔ ፕላን መሠረት የመጀመሪያውን ጥድ ቆርጦ ጨርሷል። ከግድግዳው በሁለቱም በኩል አንዳንድ ስንዝር ተርፎ መውጣት ነበረበት። ጎረምሶቹ በትከሻቸው አውጥተው አጋደሙት። መትረፉ ቀርቶ ጠርዙ ላይ እንኳን አልደረሰም።

ክው አልኩ። ስንዝሮቹን ጨምሬ ግማሽ ሜትር ያህል ጎድሏል።

«ምነው? ማነው ይህን የለካ?» አለ አያ ታከለ መጋዙን መሬት ላይ ጥሎ። ሰጪዎቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። የተቆረጠው ጥድ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አፌን ሳልከፍት ቄስ ሞገሴ መሃል ገቡ።

«እኔ ነኝ! ልጅቱ ሜትር ብትሰጠኝ እምቢ ብዬ በክንዴ ለካሁ። ይቺን ጉደኛ ክንድ ለኩልኝ እስቲ!»

አያ ታከለ ሜትሩን ዘረጋባቸው። ሃምሳ አራት ሳንቲም! ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። «አባ፣ የእርስዎ ክንድ ለሁለት ሰው ትበቃለች!» አለ አንዱ። አሮጊቷ ሳይቀሩ ሳቁ። የተበላሸው እንጨት ለበር መቃን ይሁን ተባለ። በምትኩ ቄስ ሞገሴ ደጃፋቸው ላይ ያለውን፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው ሥር የሚያርፉበትን ጥድ በዚያው ቀን አስቆረጡ። ሰባቱ ጥዶች ተረፉ፤ ሰኔ ሲገባ ቆርቆሮው ተመቶ አለቀ።

እኔ ግን ዝም አልኩ። ሦስት ሜትር ከሰባ ስድስት ብዬ የጻፍኩትን ልክ ባከብረው ኖሮ ለመቅደሱ ስድስት ሜትር ከአርባ ስምንት ይቀርና የክንዳቸው ርዝመት ያኔውኑ ይገለጥ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነበር። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁና ሳቃቸውን አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የቆመ ቤት ስናፑን አጥፍቼ፣ ልኩን በቁጥር እየጻፍኩ ነው የምስለው። የዚያ አገር ሰዎችም አልተዉኝም፤ እህል ማስቀመጫ ሲሠሩ ጠሩኝ፣ ለጤና ኬላው ጠሩኝ፣ ለዘመዶቻቸውም ስሜን ሰጡ። የራሴን ቢሮ የከፈትኩት በእነሱ ነው።

ቄስ ሞገሴ ዘንድሮ አረፉ። ባለፈው ወር ተዝካራቸው ላይ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የክንዳቸው ወሬ ተነሥቶ ሰው ሲስቅ አላስቻለኝም። ብድግ አልኩና ሁሉንም ተናገርኩ፤ የሰባ ስድስቷንም፣ የዝላዩንም። እንባዬ እየቀደመኝ «ሃያ ዓመት ሙሉ በእኔ ጥፋት ሳቃችሁባቸው» አልኩ።

ማንም አልደነገጠም። አያ ታከለ፣ አሁን ሽማግሌ ነው፣ ጠላውን አስቀመጠ።

«ያን ቀን አንቺ እንደሄድሽ ወረቀትሽ ላይ አራት ሜትር የተባለውን ለክቼ አየሁት እኮ፤ ለሰዉም ተናገርኩ። አባ ሰምተው ተቆጡን። ‹ገና ልጅ ናት፣ እየተማረች ነው፣ ስሟን እንዳታነሡ› አሉ። ተይው፣ ቁጭ በይና ብዪ።»

ቁጭ አልኩ፤ ጉርሻ በጉርሻ ላይ ደራረቡብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጤ ምስጋና ብቻ ነው፤ ቄስ ሞገሴን ነፍሳቸውን ይማርልኝ። ጥፋቴን ደብቄ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ደብቀው ያኖሩኝ እነሱ ናቸው።