ጋሽ ንጋቱና የእማማ ድንቄ ግድግዳ

ጋሽ ንጋቱ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ማረፋቸውን ያልሰማችሁ ካላችሁ፣ ከእኔ በመስማታችሁ አዝናለሁ። ወሰን ሰፈር ባለው ጋራዣቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የምታውቋቸው ብዙ ናችሁ። እኔ ግን የቅዳሜ ተማሪያቸው ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡን ዘግተው፣ ካሜራቸውን አንግተው ከእንጦጦ ጀርባ ወዳለው ገጠር ይወጡና የድሮ ቤቶችን ፎቶ ያነሱ ነበር፤ ለራሳቸው ደስታ ብቻ።

ከእሳቸው ጋር የሚሄድ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ እኔ ደግሞ የለኝም። ካሜራውን ከማውጣታቸው በፊት ቤቱን ሁለት ጊዜ ይዞሩታል። ከባለቤቱ ጋር ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ማሳው ያወራሉ። እስከዚያ ብርሃኑ ያመልጣል። ስነጫነጭ፣ «ልጄ፣ ፀሐይዋ ነገም አለች፤ ሳይፈቀድ የተነሳ ቤት ግን አያምርም» ይሉኛል። ቤቱን የፎቶው መሀል ላይ እንዳልገትረው፣ ከበሩ ፊት ባዶ ቦታ እንድተው ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ሰው የሚወጣበትን ተዪለት» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ እንዳበቃ እማማ ድንቄ ዘንድ ደረስን። የባላቸው አያት በድንጋይና በጭቃ ያቆሙት፣ የእንጨት ሰገነት ያለው ቤት ነው። ዝናቡ የፊቱን ግድግዳ ልጦትና ሰንጥቆት፣ የጠዋት ፀሐይ ስንጥቁ ውስጥ ገብታለች። እንዲህ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። እማማ ግን በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን አወናጨፉ።

«አይሆንም! ገላዬን ገልጣችሁ ልታነሱኝ ነው? ልጆቼ ቢያዩት ምን ይላሉ?»

ጋሽ ንጋቱ ካሜራቸውን ቦርሳው ውስጥ መለሱ። «እውነትዎን ነው እማማ። እንግዲያው መጀመሪያ ግድግዳውን እንምረገው» አሉ።

የምራቸውን ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጭድ ተሸክመው ወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃውን በእግራቸው አቦኩት፤ እስኪብላላ ሳምንት ጠብቀው መረጉት። እኔ በጣም ተናደድኩ።

«ጋሼ፣ ፎቶውን እኮ አበላሹት!»

«ፎቶው የእኛ ነው፤ ቤቱ ግን የእሳቸው ነው» አሉኝ፣ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ።

አንድ ያላወቁት ነገር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከእማማ ጋር ሲያወሩ፣ እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ ስንጥቁን በስልኬ አንስቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ነው። ልነግራቸው እፈልግና አፍር ነበር። ግድግዳው እስኪደርቅ ስንጠብቅ ታመሙ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «እማማ እንዴት ናቸው? ግድግዳው ደረቀላቸው?» አሉኝ። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

ጋሼ፣ እንግዲህ አሁን እነግርዎታለሁ። ከቀብርዎ ማግስት እማማ ድንቄ ዘንድ ወጥቼ ስልኬን አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። «አጥፊው» አሉኝ፤ ዓይናቸው እያየ አጠፋሁት። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡና ከግድግዳው ፊት ቆሙ። «በይ አሁን አንሺ። ንጋቱ የመረገው በደንብ ይታይ» አሉ።

ያነሳሁት ተራ ፎቶ ነው ጋሼ። ግድግዳው ልሙጥ፣ ፀሐይዋም የቀትር ናት። ስንጥቁን በማጣቴ አልተቆጨሁም፤ የሚቆጨኝ በሕይወት ሳሉ አለመናገሬ ነው። ከበሩ አጠገብ የጣቶችዎ መስመር ጭቃው ላይ ቀርቷል። እማማ እጃቸውን እሱ ላይ ጭነው ነው ፎቶውን የተነሱት። ይቅር ይበሉኝ፤ በሰላም ይረፉ ጋሼ።