ሳልገባበት የፈረምኩበት ክፍል

የኢንጂነር ፍሥሐ ደመላሽን ማረፍ የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ተሳፋሪ ኬኔሶ ከተማ አድርሼ ስመለስ ነው። «ጋሽ ፍሥሐ ዐረፉ» ብላ የደወለችልኝ ባለቤቴ ናት። በዚህ የመታሰቢያ ገጽ ላይ ስለ ደግነታቸው የምትጽፉ ብዙ ትኖራላችሁ። እኔ የምጽፈው ግን ስማቸውን በሐሰት ያጠፋሁት እኔ በመሆኔ ነው።

ጋሽ ፍሥሐ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎችን ደኅንነት በሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ እዚሁ አትላንታ ባለው ቅርንጫፍ፣ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስቶን ማውንቴን ባለው ቤታቸው ለእኛ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛና ሒሳብ በነጻ ያስተምሩን ነበር። ከአትላንታ ውጭ ባለ አንድ ማመንጫ ውስጥ ለመቀጠር ሳመለክት የድጋፍ ደብዳቤ ለመንኳቸው። «ነገ የምቆጣጠረውን ሰው ዛሬ አላስቀጥርም፤ ፈተናውን እስክታልፍ ግን አስጠናሃለሁ» አሉኝ። አስጠኑኝ፤ አለፍኩ።

የተሰጠኝ ሥራ እሳት መጠበቅ ነበር። የኒውክሌር ማብላያውን የሚያቀዘቅዙት ፓምፖች ኤሌክትሪክ የሚያገኙባቸው ገመዶች የሚያልፉበት አንድ ክፍል አለ። የጭስ ጠቋሚው ለጥገና በመነሣቱ፣ በየሰዓቱ ሰው ገብቶ እንዲያይና እንዲፈርም ታዘዘ። ሁለት ሳምንት በደንብ ሠራሁ። ከዚያ ሰለቸኝና ከወንበሬ ሳልነሣ መፈረም ጀመርኩ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጋሽ ፍሥሐ ለቁጥጥር መጡ። ፊርማዬን በሩ በካርድ በተከፈተ ቁጥር ከሚመዘገበው ጋር አመሳከሩት። ጠዋቱን ሙሉ ፈርሜያለሁ፤ በሩ ግን አንዴም አልተከፈተም። አለቃዬ ባለበት አስጠሩኝ። በአማርኛ «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ እኔ የእርስዎ ልጅ ነኝ» ብዬ ለመንኳቸው። በእንግሊዝኛ «አለቃህ በሚሰማው ቋንቋ ተናገር» አሉኝ።

መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተልኳቸው። «ሳልገባ ሳይን ማድረጌን አልካድኩም፤ ግን ምንም አልተቃጠለም እኮ!»

«አልተቃጠለም» አሉ፣ ዐይኔን እያዩ። «አሁን ነው ያወቅነው። ያን ጊዜ ማን ያውቅ ነበር?»

ተባረርኩ። አትላንታ ስመለስ ላገኘሁት ሁሉ «ሐበሻ ሆነው ሐበሻ አስባረሩ፤ ምቀኝነት ነው» እያልኩ ነገርኩ። ስለ ፊርማው ትንፍሽ አላልኩም። ሰው አመነኝ። የቅዳሜው ትምህርት ተማሪ አጣ፤ ሰላምታ የነፈጓቸውም ነበሩ። እርሳቸው አንድ ቃል አልመለሱም።

ለቅሶ የደረስኩት አንገቴን ደፍቼ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሰናይት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «እውነቱን ለምን አትናገርም ብዬ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «"ልጁ ሥራ እየፈለገ ነው፤ ስሙን እኔ አላበላሽበትም" ይለኝ ነበር።»

ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ያን ጊዜ ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ። አልተነሣሁም። ያመናችሁኝ ሁሉ ይህን እወቁልኝ፦ ያስባረረኝ የገዛ እጄ ነው።

ጋሽ ፍሥሐ፣ ስኔልቪል አንድ ሱቅ በር ላይ ተገናኝተን «ሥራ አገኘህ ወይ ልጄ?» ሲሉኝ ፊቴን አዙሬብዎት አለፍኩ። ከኋላዬ ቆመው መልስ ሲጠብቁ በሱቁ በር መስታወት ውስጥ አይቼዎታለሁ። አዎ ጋሼ፣ አግኝቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ፤ በሰላም ይረፉ።