ጣራ በሌለው መኪና ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ኦክላንድ

ገና በደንብ ሳይነጋ ልጄ ብሌን መኪናዋን ከጋራዥ አወጣች። እኔ ሁለት ካፖርት፣ ፕላስተር፣ አንድ ጠርሙስ ጸበልና ጃንጥላ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ።

«ማሚ፣ ጃንጥላው ለምንድን ነው?»

«በጣራው ፋንታ ነዋ!»

መኪናዋ ሆት ሮድ ይባላል። የዘጠና ዓመት አሮጌ መኪና ይፈለግና ጣራው፣ ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው ተነቅሎ ይጣላል። የተረፈው ይወለወልና «ቆንጆ» ይባላል። አዲስ አበባ ቢሆን ሌባ ፈታቶት ሄደ ብለን ፖሊስ እንጠራ ነበር። ሞተሩ እንደ በግ ሆድ ዕቃ ውጭ ተዘርግፏል።

ብሌን ሆስፒታል እየሠራች፣ በዕረፍቷ ቀን ሁሉ ጋራዥ እየዋለች ሦስት ዓመት ለፍታበታለች። ዛሬ ሳን ሆዜ የመኪና ውድድር ላይ ዳኞች ፊት ይቀርባል። ከእኔ የፈለገችው ምርቃት ብቻ ነበር። «ጣራ ለሌለው ነገር አፌን አልከፍትም» ብዬ ሦስት ዓመት ጸናሁ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ዝናብ ከላይ እንደሚመጣ ለማወቅ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

1 ሰዓት፣ ሄይዋርድ አካባቢ

880 መንገድ ላይ የጭነት መኪኖቹ ጎማ በጆሮዬ ትክክል ይሽከረከራል። ነፋሱ ጸሎቴን ከአፌ ይነጥቀኛል። የምጨብጠው ነገር ስፈልግ እጄ ማርሹ ላይ አረፈ። እጀታው እንጨት ነው። የማውቀው እንጨት!

«ብሌን! ይሄ ዘነዘናዬ አይደለም?»

«ሰርፕራይዝ!»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን ጠርጥሬያታለሁ እኮ!»

«ማሚ፣ ሆት ሮድ የራሱ ነገር ሊኖረው ይገባል። ሌላ ሰው የሌለው ነገር።»

«ሌላ ሰውማ ዘነዘና አለው። የሌለኝ እኔ ነኝ።»

ፍሪሞንት ከተማ ቤንዚን ልትቀዳ ስትቆም ስድስት ዶላር ከፍዬ ቡና ገዛሁ። ለብ ያለ ውሃ ነው። ሰዎች ግን ከመኪናቸው እየወረዱ የእኛን ፎቶ ያነሳሉ። እኔም ሳላስበው ነጠላዬን አስተካከልኩ።

3 ሰዓት፣ ሳን ሆዜ

አዳራሹ ውስጥ መኪኖቹ ሥር መስታወት ተነጥፎላቸዋል፤ ሆዳቸውም እንዲታይ። ጺማቸው ደረታቸው ላይ የደረሰ ሽማግሌዎች ብሎኑን በጆሮ ኩክ መጥረጊያ ያጸዳሉ። የልጆቻቸውን ጆሮ እንዲህ ጠርገው ያውቁ ይሆን? አንዱ መኪናው የሚነድ እንዲመስል ነበልባል አስሎበታል። እኛ እሳት ሲነሳ እንጮሃለን፣ እነሱ በቀለም ያስሉታል።

እውነቱን ልናገር፤ ሁለት የሚመሳሰል የለም። እኔ ገበያ ሄጄ ግራጫዋን መኪናዬን ስፈልግ የሰው በር ስታገል እገኛለሁ። እዚህ ማንም የራሱን አይስትም።

የብሌን ቀይ ነው፤ የበርበሬ ቀይ። «ማሚ፣ ፕሊስ አትንኪው» ስትለኝ አሥር ጊዜ ሆኗል። ዳኞቹ ቀለሙ ላይ የጣት አሻራ ቢያገኙ እንኳ ነጥብ ይቀንሳሉ።

ባለ ነበልባሉ ሽማግሌ ወደ ብሌን ጠጋ አለ።

«ግሩም ነው! ማን ሠራልሽ? አባትሽ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ሳቀ። «እሺ፣ እሺ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ማን ነው?»

ብሌን ፊቷ ጠቆረ፤ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። እጅጌው ሥር ብየዳ ያቃጠላት ጠባሳ አለ። ቅባት የቀባሁት እኔ ነኝ። ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት የዘጋሁት አፍ ተከፈተ።

«እጅሽ ይባረክ! ምቀኛሽ ይፈር! መንገድሽን ያቅናልሽ! እንትፍ! እንትፍ!»

የመጀመሪያው ብሌን ግንባር ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው መኪናው ላይ። ከንዴቴ ብዛት ምራቁ በዝቶ ነበር። ዞር ስል ዳኛው ወረቀቱን ይዞ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ፣ ጠብታውን እያየ።

የመወልወያው ጨርቅ በብሌን እጅ ነው። አንድ ጊዜ ብትነካው ይጠፋል። እኔን አየችኝ። ከዚያ ጨርቁን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«የእናቴ ምርቃት ነው። አይጠረግም።»

ዳኛው አንገቱን ነቅንቆ የሆነ ነገር ጻፈ።

11 ሰዓት ተኩል፣ ኦክላንድ

ዋንጫውን ባለ ነበልባሉ ወሰደው። መንገዱን ሙሉ «በእኔ ምክንያት ነው» እያልኩ መጣሁ፤ ብሌን በዘነዘናዬ ማርሽ ትቀያይራለች። ጋራዥ ስንገባ ቀለሙ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ደርቋል።

«አሁንስ ልጥረገው?»

«ተዪው ማሚ። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ የለውም።»

ተውኩት። ጃንጥላውን ግን ወንበሩ ሥር ትቼላታለሁ።