ገንዳው ያልተከፈተበት ጊፋታ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ ቤቴ መጣ። ሰፈራችን አጠገብ ያለው የሕዝብ መዋኛ ገንዳ እንደገና ሊታደስ መሆኑን፣ ቱቦዎቹ ከመሬት በታች በየት በየት እንደሚያልፉ የሚያሳይ ንድፍ ግን ማንም ሊያገኝ እንዳልቻለ ነገረኝ። "በፊት ሲታደስ እርስዎ ነበሩበት አሉኝ፣ እትዬ አስቴር" አለ፣ ጫማው ላይ የተጣበቀውን ቀይ ጭቃ ደፉ ላይ እየጠረገ። ሻይ አፍልቼ የተቀቀለ ስኳር ድንች አቀረብኩለት። ዝናቡ ሲያባራ ግቢ ወጣንና በእንጨት ጫፍ መሬት ላይ ሣልኩለት፦ የፓምፑ ቤት እዚህ፣ ማጣሪያው እዚያ፣ ዋናው ቱቦ በአጥሩ ሥር ዞሮ በዚህ በኩል ይገባል። እጄ ምንም አለማመንታቱ ራሴንም ገረመኝ። ትናንት ምን እንደበላሁ የምረሳ ሴት ነኝ።

ልጁ ሥዕሉን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ አመስግኖ ሄደ። እኔ ደግሞ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ጋሽ ጎአ ማሰብ ጀመርኩ።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። የተማርኩት ኤሌክትሪክና ሞተር ነው። ተመርቄ ሶዶ ስመለስ እናቴ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው የቢሮ ሥራ ነበር የጠበቀችልኝ፤ የተሰጠኝ ግን ቱታና የመፍቻ ሣጥን ሆነ። የመጀመሪያ ሥራዬም ይኸው ገንዳ ነበር። ለዓመታት ተዘግቶ ነበር የቆየው። ክረምት ላይ የዳሞታ ተራራ ጉም ወርዶ ሲሸፍነው ከአጥሩ ማዶ የሚሰማው የእንቁራሪት ድምፅ ብቻ ነው። ልጆች መዋኘት ሲያምራቸው ወንዝ ይወርዱ ነበር፤ ወርደው ሳይመለሱ የቀሩም አሉ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረ የጎረቤታችን ልጅ አንዱ ነው። ስለዚህ "ገንዳው ሊታደስ ነው" ሲባል ለእኛ ሰፈር ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ሥራው ላይ ሦስት ነበርን። አንዱ ከደሴ ተመድቦ የመጣው ኢንጂነር ሰለሞን ነው፤ ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ ከንግግሩ በፊት ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው። ሌላው ጋሽ ጎአ ናቸው። ጋሽ ጎአ ዋና የተማሩት በወታደርነት ዘመናቸው ምጽዋ ላይ ሲሆን፣ ገንዳው አዲስ በነበረበት ጊዜ የከተማውን ልጆች ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ገንዳው ሲዘጋ ዘበኛ አደረጓቸው። ውሃ የሌለበትን ገንዳ ዙሪያውን በየጠዋቱ ይጠርጉ ነበር፤ "ለምን ይደክማሉ?" ለሚላቸው ሰው "ይከፈታል" ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። እኔን እንደ ወንድ፣ አንዳንዴም ሰለሞንን እንደ ሴት ያናግሩ ነበር።

"አስቴር፣ አንተ ሞተሩን ያዝ። ሰለሞን ቱቦውን ይይዛል። እኔ ውሃውን" አሉን በመጀመሪያው ቀን። ክፍፍሉም እንደዚያው ሆነ።

ፓምፑን ከተቀመጠበት ማንሳት ብቻ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ቡሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ነጭ ጋዝ እያፈሰስንና እያሳደርን፣ ቀስ እያልን በመዶሻ መታ መታ እያደረግን አላቀቅናቸው። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሲወጣ እንደ ደረቀ ባቄላ እጄ ላይ ተበተነ። የሞተሩ የመዳብ ጥቅል ተቃጥሎ ጠቁሮ ስለነበር በአዲስ ሽቦ መጠቅለል ነበረብኝ። የፓምፑ ቤት ደጃፍ ላይ ሰሌን አንጥፌ ስጠቀልል ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች በአጥሩ ቀዳዳ ቆም ብለው ያዩኛል። አንዷ "ምን እየሠራሽ ነው?" አለችኝ። "ሞተር" ስላት "እኔ ደግሞ ሹራብ መስሎኝ" ብላ እየሳቀች ሄደች።

ማጣሪያው ትልቅ የብረት በርሜል ነው፤ ውስጡ አሸዋ ይሞላል፤ ውሃው በአሸዋው መሀል ሲያልፍ ቆሻሻውን እዚያ ይተዋል። ስንከፍተው የድሮው አሸዋ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀን። ሰለሞን በመሮ ፈልፍሎ ሲያወጣው ሰነበተ። አዲስ አሸዋ ለማምጣት በጭነት መኪና ወደ ቢጠና በኩል ወርደን ከብላቴ ወንዝ ጫንን። ከሶዶ ሲወረድ አየሩ እየሞቀ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎውና ሽፈራው እየበዛ ይሄዳል። መንገዱ ያኔ ፒስታ ነበር፤ አቧራው ቅንድባችን ላይ ሳይቀር ተቀመጠ። ቢጠና ገበያ ዳር አንዲት ሴት ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር በትኩሱ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረበችልን። ሰለሞን ዳጣውን እንደ ወጥ ቆጥሮ አብዝቶ በማጥቀሱ እንባው እስኪወርድ ተቃጠለ። ሴትዮዋ ደንግጣ እርጎ አመጣችለት። ጋሽ ጎአ "አሁን ወላይታ ሆነ" አሉ።

አሸዋውን ማጠቡ ብዙ ውሃና ብዙ ወገብ ፈጀብን። ጋሽ ጎአ እፍኝ አሸዋ ብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩና ያማስላሉ፤ ውሃው ትንሽ ከደፈረሰ "ገና ነው" ይሉናል። በዚህ መሀል የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊያችን ግድግዳውን ሰማያዊ ቀለም አስቀባው፤ በሩ ላይም ለጊፋታ በዓል እንደሚከፈት የሚናገር ጨርቅ አሰቀለ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ከላይ የሚጠይቁት አለቆች ነበሩት፤ ጊፋታ ደግሞ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ለሕዝቡ የሚታይ ስጦታ ማቅረብ ፈልጎ ነው።

በዓሉ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ገንዳውን ሞላነው። ውሃው የጠራ ነበር፤ የታቹ ንጣፍ መጋጠሚያው ሳይቀር ይታያል። ማብሪያ ማጥፊያውን ወደ ላይ ስገፋው ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ልክ ገባ። ሰለሞን እጄን ጨበጠኝ። ጋሽ ጎአ ግን ሸሚዛቸውን እያወለቁ ነበር።

"ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ታቹን እኔ ልየው" አሉ።

ገብተው ሲዋኙ ትንሽ አየሁ። መሬት ላይ ሲራመዱ ወገባቸውን የሚይዙት ሽማግሌ ውሃ ውስጥ ሌላ ሰው ነበሩ። ከዚያ ወደ ፓምፑ ቤት ተመለስኩ።

ጤነኛ ፓምፕ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ ከቆየህ አትሰማውም። ድንገት ያ ድምፅ ተለወጠ። መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ጠጠር የሚፈጭ መሰለ። ፓምፕ የሚስበው ውሃ ሲያጣ እንዲህ ይሆናል። ላስቲክ ወይም ቅጠል ቱቦውን ደፈነው ብዬ፣ ያን ሁሉ የደከምኩበት ሞተር እንዳይቃጠልብኝ ሰግቼ ማጥፊያውን ሳብኩት።

ስወጣ ሰለሞን ከነጫማው ገንዳው ውስጥ ነው። ዋና አይችልም። በአንድ እጁ መሰላሉን ጨብጦ፣ ሌላውን እጁን ዘርግቶ፣ ውሃው አገጩ ደርሶ "ጋሽ ጎአ! ጋሽ ጎአ!" ይላል። ጋሽ ጎአ የሉም። ቀጥሎ ከታች አንድ ጥላ ተነሣና ሽበታቸው ብቅ አለ። አፋቸውን ከፍተው አየር ሲስቡ የተሰማው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ሰለሞን ክንዳቸውን ያዘ፤ እኔም በደረቴ ተኝቼ ልብሱን ጨመደድኩና ሁለቱንም ወደ ጠርዙ ሳብኳቸው።

የሆነው ይህ ነው። ውሃው ወደ ፓምፑ የሚሄድበት ቀዳዳ ታች መሀል ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ ፍርግርግ ብረት ተገጥሞበታል። ከላይ ሲያዩት ደህና የሚመስለውን ብረት ከሥር ዝገት በልቶታል። ጋሽ ጎአ ሲቆሙበት ተሰበረ፤ እግራቸው እስከ ባታቸው ገባ፤ ፓምፑም ስቦ ያዛቸው። ምጽዋ ላይ ባሕር የለመዱ ሰው ነበሩ፤ ጉልበታቸውም ብልሃታቸውም ምንም አልፈየደላቸውም። የለቀቃቸው ፓምፑ ሲጠፋ ነው።

እግራቸውን በፎጣ ስጠቀልል እንደዚያ መሆኑን አላውቅም ነበር አልኳቸው። "እርስዎን ለማዳን አልነበረም ያጠፋሁት። ለሞተሩ ሳስቼ ነው።"

"ሎኦ" አሉኝ በወላይትኛ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። "አንተ ሞተሩን ባትወደው ኖሮ እኔ የለሁማ።"

ማምሻውን ኃላፊው መጣ። የጋሽ ጎአ እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት ጠቁሮ አብጧል። አዘነ፤ እውነት አዘነ። ከዚያ ግን ወደ ጨርቁ ቀና ብሎ አየ።

"ለበዓሉ ቀን ብቻ ፓምፑን አጥፍተን ብንከፍተውስ? ካልተነሣ አይስብም አይደል፣ ኢንጂነር?"

ሰለሞን ጉሮሮውን ጠረገ። "አዎ፣ ካልተነሣ አይስብም። ለአንድ ቀን ከሆነ..."

"አንድ ቀን አይሆንም" አሉ ጋሽ ጎአ። "አንዴ ከተከፈተ ማን ይዘጋዋል? ማታ ውሃው ይደፈርሳል። በማግስቱ ልጆቹ ይመጣሉ። አንድ ሰው 'ውሃው ቆሽሿል' ብሎ ፓምፑን ያነሣል። እኔ ያን ጊዜ የት እሆናለሁ?"

"ሕዝቡ እኮ ተነግሮታል፣ ጋሽ ጎአ። እርስዎ ራስዎ ይህን ቀን ስንት ዓመት ሲጠብቁ ነበር!"

"እኔ ነኝ የጠበቅኩት፤ ደግሞ እጠብቃለሁ" አሉ። 

ኃላፊው ነገ እንነጋገራለን ብሎ ሄደ፤ በማግስቱም ሆነ ከዚያ በኋላ ግን የተነጋገረ የለም። ጨርቁም አልወረደም።

የጊፋታ ዕለት ከእናቴ ጋር ከጸሎት ቤት ስንመለስ መንገዱ ሁሉ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ በሆነው የዱንጉዛ ልብስ ደምቆ ነበር። ወጣቶቹ "ዮ ዮ ጊፋታ" እያሉ ያልፋሉ፤ ከየግቢው የሥጋና የቂቤ ሽታ ይወጣል። ገንዳው በር ላይ ልጆች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ተሰልፈዋል። ጋሽ ጎአ በሩ ፊት ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ልጆቹ ሲያጉረመርሙ፣ ወላጆችም ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ፣ ጋሽ ጎአ ጎንበስ ብለው የሱሪያቸውን እግር እስከ ጉልበት ጠቀለሉት።

"ይኼን ገንዳው ነው የሠራኝ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ ዋና አስተማሪ ነኝ። ልጅ ቢሆን ኖሮ?" አሉ። "እናስተካክለዋለን። ሂዱ፣ በዓላችሁን ብሉ። ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ።"

ከፊት የቆሙት ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በዚያው ቅጽበት ኃላፊው እንግዶች ይዞ በመኪና ደረሰ። ወረደ፤ ሰዉን አየ፤ ጋሽ ጎአን አየ። ይጮህባቸዋል ብዬ የእናቴን እጅ ያዝኩ። እሱ ግን ጠጋ ብሎ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ቁጢጥ አለና እግራቸውን በደንብ ተመለከተው። ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል። ለእንግዶቹ አንድ ነገር ተናገረና ወደ አደባባዩ፣ ጭፈራው ወዳለበት ይዟቸው ሄደ። ጨርቁን በማግስቱ ራሱ አስወረደው።

ውሃውን አፍስሰን የገንዳውን ታች ቆፈርነው። ሰለሞን አንድ የነበረውን መሳቢያ ቀዳዳ ሁለት አደረገው፤ በጣም አራርቆ፣ አንዱ በሰው ቢደፈን ውሃው በሌላው እንዲሄድ። ፍርግርጎቹን ከተማ ውስጥ ያለ ብየዳ ቤት ወፍራም ብረት መርጦ ሠራልን፤ ሰፋፊና ጎበጥ ያሉ፣ ማንም ተቀምጦ ሊደፍናቸው የማይችል። ሥራው የበጋውን ግማሽ ወሰደ። ገንዳው የተከፈተው ከጥምቀት በኋላ፣ የበዓል ስም በሌለው አንድ ቅዳሜ ነው። ንግግር አልነበረም። ኃላፊው ሁለት ሴት ልጆቹን ይዞ እንደማንኛውም ወላጅ ሰልፍ ላይ ቆመ።

እኔም ሰው ሲቀንስ በረጅም ቁምጣና በሰፊ ካናቴራ ገባሁ። እናቴ ልጇ በሰው ፊት ውሃ ውስጥ ገብታ ማየት ባትወድም መጥታ ነበር፤ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ስወጣ የምትሸፍነኝን ነጠላ ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ጋሽ ጎአ መዳፋቸውን ጀርባዬ ሥር አደረጉ። "ውሃውን አትጣላው። ተኛበት" አሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁበት። ስገልጠው እጃቸው የለም፤ ራቅ ብለው ቆመው የኃላፊውን ትንሿን ልጅ ያስተምራሉ።

ጋሽ ጎአ ብዙ አላስተማሩም። ሁለት በጋ ካስተማሩ በኋላ ታመው አረፉ። ሰለሞን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እኔም በሌሎች ሞተሮች፣ በሌሎች ፓምፖች ላይ አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ያ ሁሉ የሠራነው ብረትም በተራው አርጅቷል፤ ይህ አይደንቀኝም፤ ውሃና ብረት አብረው ሲኖሩ የሚሆነው እሱ ነው።

የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከመስከረም እስከ ጥር መዘግየት ለእኔ ምንም ማለት አልነበረም። ጋሽ ጎአን ደፋር ናቸው፣ ግትር ናቸው እል ነበር እንጂ ከባድ ነገር እንዳደረጉ አልገባኝም። አሁን እኔም የእሳቸው ዕድሜ ላይ ነኝ። "በሚቀጥለው ዓመት" ሲሉኝ "እሺ" እላለሁ፣ በሆዴ ግን እደርስበት ይሆን ብዬ አስባለሁ። ጋሽ ጎአ ያን ጠዋት በሩ ላይ ሲቀመጡ፣ ዓመታት ሙሉ የጠበቁት ውሃ ከጀርባቸው ሞልቶ ነበር። ልጆቹን "ሌላ ጊዜ ትመጣላችሁ" ሲሏቸው፣ ያ ሌላ ጊዜ እሳቸውን ይጨምር አይጨምር አያውቁም ነበር።